ረቡዕና ዓርብ ግማሽ

አሰላ፣ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ፋርማሲስቷ ከፊቴ ለቆሙት ሽማግሌ ሮዝ ክኒን እየሰጠች፣ «ረቡዕና ዓርብ ግማሽ፣ ሌላውን ቀን ሙሉ» አለቻቸው። ክኒኑን አወቅኩት።

አክስቴ ልቧ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከገባላት በኋላ ደሟ እንዳይረጋ በየቀኑ የምትውጠው እሱን ነበር። የምትኖረው እኛ ቤት ነው። ረቡዕና ዓርብ በምላጭ ለሁለት ትከፍለውና ስኒ ማስቀመጫው ላይ የቀረውን ሮዝ ብናኝ በጣቷ ጫፍ ለቅማ ትልሰዋለች። ስምንት ዓመቴ ነበር።

«እቴቴ፣ ክኒኑም ይጾማል እንዴ?» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። «አዎ፣ በጾም ቀን ግማሽ! በቃ፣ ከእንግዲህ አልረሳውም።»

እውነትም አልረሳችውም። ፋሲካ አልፎ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምባቸው ሃምሳ ቀናት ሲገቡ ግን በየቀኑ ሙሉ ዋጠች። በሦስተኛው ሳምንት ክንዷ በለዘ፤ ድዷም ደማ፣ ደሙም አልቆም አለ። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ደነገጠ።

«ደምዎ ከመጠን በላይ ቀጥኗል! ማን አሳስቶዎት ነው?»

ቀሚሷን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ቁልቁል አየችኝና፣ «ራሴው ነኝ» አለችው።

ሽማግሌው ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጡ ተራዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

«አባባ፣ የጾም ቀን ብለው እንዳይዙት! ፋሲካ ሲያልፍ ያሳስታል።»

ቆም ብለው አስተዋሉኝ። «እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ፣ ልጄ። ማን አሳስቶሽ ነው?»

«ራሴው ነኝ» አልኳቸው።