የአጃቢ መርከቧ አድማጭ

የነዳጅ ዘይቱ የካናዳዋን ካልጋሪን ባሰከረበት ዘመን ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራ ነበር። አቅም ያለው ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘይቱ ካምፕ ነጉዷል። ጓደኛዬ ከዚያ እየደወለች፣ «አንቺ፣ ያንን ሺፍትሽን ድሮፕ አድርጊና ነይ፤ ኪችን ሰው ይፈልጋሉ» ትለኛለች። እኔ ግን በግትርነቴ ቀረሁ። የሦስት ሰው ሥራ ላዬ ላይ ተከምሮ ስነጫነጭ እውላለሁ።

ጺማቸውን ከምላጭላቸው ሽማግሌዎች አንዱ የድሮ መርከበኛ ነበሩ። ባልደረቦቼ በስማቸው ይጠሯቸዋል፤ እኔ አፌ እምቢ ስላለኝ «ጋሼ» አልኳቸው፣ ወደዱት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የንግድ መርከቦችን እያጀበች አትላንቲክን በምታሻግር ትንሽ የጦር መርከብ ላይ አገልግለዋል። ሥራቸው ማዳመጥ ነበር። መሣሪያው ድምፅ ወደ ውኃው ይልካል፤ ድምፁ አንድ ነገር መትቶ ከተመለሰ፣ ታች የጠላት ሰርጓጅ መርከብ አለ ማለት ነው።

በላጨኋቸው ቁጥር ታሪኩን ትንሽ ትንሽ ይገፉታል። መጀመሪያ የሚያስቀውን አወሩኝ፤ መርከቧ ስትንገዳገድ ሾርባው ጣሪያ ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ። ቀጥሎ ስለ ብርዱ፤ በረዶውን በመጥረቢያ ካልፈለጡት መርከቧ ክብደቱን አትችልም፣ ትገለበጣለች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ከመስኮቱ ማዶ አዲስ ፎቅ እየተሠራ ስለነበር፣ ብረት መሬት ውስጥ የሚተክለው ማሽን «ድም» ባለ ቁጥር የወንበሩን ክንድ ጭብጥ ያደርጋሉ። ምላጩን አነሣና እጠብቃለሁ። ወደ አንድ መጥፎ ነገር እየተጠጋን መሆኑ ይታወቀኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ባይደርሱበት ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሱበት። ከሚያጅቧቸው መርከቦች አንዱ ተመትቶ ሰጠመ። የተረፉት ሰዎች እየዋኙ ወደ ጋሼ መርከብ እጃቸውን ያውለበልባሉ። በዚያው ቅጽበት በጋሼ ማዳመጫ ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። «ታች አለ!» ብለው ጮኹ። አዛዡ ቦምቡን እዚያው ዋናተኞቹ መሐል አስጣለ። ኋላ ሲታይ የሰርጓጅ ስብርባሪ የሚባል የለም፤ ውኃውን የሞላው የሞተ ዓሣ ነው፤ ለካ ድምፁን የመለሰው የዓሣ መንጋ ኖሯል።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «የገደልኳቸው እኔ ነኝ?»

ልክ ያኔ ኮሪደሩ ላይ የጥሪ ደወል ጮኸ። ልቤ ወደ ደወሉ ሄደ። እየሰማሁ ነው ለማለት ያህል፣ ለእናቴም ለጎረቤቴም እንደማደርገው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ።

ደነገጡ። «ምን ሆንሽ? አስፈራሁሽ?»

«ኧረ በፍጹም!» ብዬ ሳቅኩ። «በእኛ አገር እንዲህ ሲደረግ ‹አዎ› ማለት ነው።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። «አይ ጋሼ፣ እየሰማሁ ነው ማለትም ነው፤ እኔ እሱን ነው...» እያልኩ እንግሊዝኛው ተሳከረብኝ።

«ተይው» አሉ፣ ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ ትክ ብለው እያዩኝ። «አዛዡም፣ ቄሱም፣ ሚስቴም ‹አንተ አይደለህም› ሲሉኝ ስልሳ ዓመት ኖርኩ። እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አመሰግናለሁ።»

ብዙ ቀን ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ ስለ መርከቧ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።