የእናቴ ድንጋይ

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አንድ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ሽማግሌዎች ሲሄድ፣ ባጃጆቹ ቆመው አሳለፉት። እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከእህቷ ጋር እንደተኳረፉ እህቷ ሞተችባት። የምትታረቀው ሰው ስታጣ፣ ድንጋዩን ተሸክማ እኔን አስከትላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የንስሐ አባቷ ከደጀ ሰላሙ ብድግ ብለው አወረዱላት።

«ልጄ፣ ያንቺን ሸክም ጌታ በመስቀል ተሸክሞልሻል» አሏት።

«እንዲያው በነጻ ይምረኛል፣ አባ?»

«በድንጋይ ክብደት ቢሆንማ ማን ይጸድቅ ነበር?»

መስቀላቸውን ተሳለመች። ስንመለስ ከድንጋዩ አንገቷ ላይ የቀረውን እርጥብ አፈር ልጠርግላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ ይቆይ» አለችኝ።

አሁን ሽማግሌዎቹ የሰውየውን ድንጋይ አወረዱለት። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን የማየው አንገቱን ነበር።