አባቱ የጠፋው ጆን ኤቫንስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣር እያጨድኩ ሳለ ጎረቤቴ ሚስ ካሮል ከበረንዳቸው ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ማሽኑን አጠፋሁ።

«ሚስተር አበበ፣ እርስዎ የጋዜጣ ሰው ነበሩ አይደል? እስቲ ዓይንዎን ለአንድ አፍታ ያውሱኝ።»

ሚስ ካሮል ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እዚህ ኦሃዮ፣ ኢስትሙር የሚባለው ሰፈር ቤት ከገዛን ጀምሮ አጥር ለአጥር ነን። የበረንዳው ጠረጴዛ በወረቀት ተሸፍኗል... የቤተሰቡ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከዌልስ ያስመጧቸው የክርስትና መዝገብ ቅጂዎች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የቀዘቀዘ ሻይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያታቸው አያት ጆን ኤቫንስ ከዌልስ ወደ ኦሃዮ የመጣ ገበሬ ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ስለተሰበረ ቤተሰቡ አዲስ ሊያሠራ ነው። ሚስ ካሮል ከስሙ ሥር «የእገሌ ልጅ» የሚል እንዲቀረጽለት ይፈልጋሉ። ግን ዌልስ ውስጥ ጆንን የወለደ አንድም ኤቫንስ ጠፋ። ዓመታት ፈለጉ... የለም።

«ወንድሜ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አሉኝ። «ወንጀል ሠርቶ፣ ስሙን ቀይሮ የሸሸ ሰው ነው ይላል። ሰኞ ለድንጋይ ቀራጩ መልስ እንሰጣለን። እስከዚያ ካላገኘሽ ስሙ ብቻ ይጻፍ ብሎኛል።»

ሳቅ ብለው ነው የተናገሩት። እጃቸው ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ይደባብስ ነበር።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጆን የተወለደበት ቀንና የእርሻው ስም ሰፍሯል። ወደ ጎን ደግሞ «የእኛ አይደሉም» ብለው የለዩት ክምር አለ። እዚያ ውስጥ ያንኑ የእርሻ ስም አገኘሁት። ሕፃኑ ጆን፣ አባቱ ኤቫን ቶማስ።

«ይሄን ለምን ጣሉት?»

«ቶማስ ነዋ! እኛ ኤቫንስ ነን። እዚያው እርሻ ላይ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ይሆናሉ።»

ሳቄ መጣ። «ሚስ ካሮል፣ የእኔ ስም ማን ነው?»

«ሚስተር አበበ።»

«እኔ ታደሰ ነኝ። አበበ አባቴ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አጥር ላይ የሚጠሩት አባቴን ነው... እኔ ዝም ብዬ አቤት እላለሁ።»

ግራ ገባቸው። ልክ ያኔ ልጄ ሕሊና ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ካለው ሥራዋ ገባች። ጠራኋትና «ላስት ኔምሽን ንገሪያቸው» አልኳት።

«ዳድ... ኖት አጌን!»

አልፈርድባትም። እዚህ ተወልዳ፣ ስማችን ስለማይገጥም «እውነት አባትሽ ነው?» እየተባለች ነው ያደገችው። ማስረዳቱ ሰልችቷታል። ቢሆንም ነገረቻቸው። የእሷ የመጨረሻ ስም የእኔ ስም ነው፤ የእኔ ደግሞ የአያቷ።

ሚስ ካሮል ወረቀቱን አነሡ።

«ኤቫን... የቶማስ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ጆን ደግሞ... የኤቫን ልጅ። ኤቫንስ... የኤቫን ማለት ነው!»

በአንድ ማስረጃ መጻፍ አልለመድኩም። ቅጂው ዳር ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ ስላየሁ ሕሊናን አንብቢው አልኳት። በስልኳ አንስታ አጎላችው። የልደት ቀን ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ራሷ ሳበች፣ ቀኑን ከቀኑ አስተያየች...

«ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ! ኢትስ ሂም!»

ሚስ ካሮል እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ወንድማቸው ጋ ደወሉ። «ስማኝ! ስሙን የቀየረ ሰው አይደለም! አባቱን ስሙ ላይ ይዞ ነው ባሕር የተሻገረው!»

ሕሊና ሰማች። ቀና ብላ «ጀስት ላይክ ሚ» አለች። በአባቷ ስም መጠራቷን እንዲህ ኮርታ ስታነሳው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ሣሬ ልመለስ ስል ሚስ ካሮል አስቆሙኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ሚስተር ታደሰ ልበልዎት?»

«ተዉት፣ አበበ ይበሉኝ» አልኳቸው።

አባቴ አሜሪካን ሳያይ ነው የሞተው። ኢስትሙር ውስጥ ግን በየቀኑ የሚጠራው ጎረቤት አለው።