ከሬቱ ወዲያ የበቀለው ድንች

አበልጄ እንደከዳኝ ሰው አልነገረኝም። ድንች ነው የነገረኝ። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ሳቄ ግን ከጥርሴ አያልፍም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ቀበሌያችን ከጅጅጋ ዳር ለነዋሪዎች የጓሮ አትክልት ቦታ ከፋፍሎ ሰጠን። ቦታው ሶማሌዎቹ ቶግ ከሚሉት፣ በበጋ ደረቅ፣ ሲዘንብ ግን ደራሽ ከሚሆን ወንዝ አጠገብ ነበር። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ሳገላብጥ እውልና አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዶማዬን ይዤ ወደዚያ እወርዳለሁ። በሕይወቴ የእኔ ብዬ የቆምኩበት መሬት ያ ብቻ ነበር። የተወለድኩበትም ያደግኩበትም የኪራይ ቤት ነው።

በላይ በኩል ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ሶማሌ ነበረች። ኤዶ እንላታለን፣ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። በታች፣ በወንዙ በኩል ያለው ቦታ የአበልጄ ነበር። ልጄን ከእኔ ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ልብስ እያመጣ በከተማው ይሸጣል። በእኔና በእሱ ቦታ መካከል አጥር አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ለድንበር ሬት በመስመር ተከልን፤ እሱ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ እኔ ሬቱን አስገብቼ አፈሩን ረገጥኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ክረምት ዝናቡ አላቆም አለ። ሶማሌዎቹ ከረን የሚሉት የክረምት መጨረሻ ዝናብ መስከረምን ጨርሶ ጥቅምት ገባ። ቲማቲሜ እንዳረገዘ በሰበሰ፣ ጎመኔን ቀንድ አውጣ ፈጀው። ላስቲክ ተከናንቤ ቦይ ስቆፍር፣ የቆፈርኩት ቦይ ከኋላዬ ሲደረመስ ይመሻል። ጭቃው ኮንጎ ጫማዬን ውጦ ባዶ እግሬን ሲያስቀረኝ አበልጄ አይቶ ከልቡ ሳቀ። በሳምንቱ ከቶጎጫሌ ቦት ጫማ አመጣልኝ። ለእግሬ ሰፊ ስለነበር ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግሁት።

እሱ ግን ከእኔ የባሰ ችግር ነበረበት። ቶጉ በሞላ ቁጥር ከቦታው ጫፍ እየገመሰ ይወስዳል። በጆንያ አሸዋ ሞልተን ደረደርን፤ እኔም እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገብቼ አቀብለው ነበር። ጎርፉ ጆንያውንም ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ቀበሌው ቦታዎቹን ለክቶ የይዞታ ወረቀት ሊሰጥ እንደሆነ ተነገረ። ስፋቱ ከስምንት ሜትር ያነሰ ቦታ ለብቻው ወረቀት አያገኝም፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል ተባለ። የእኔ ከስምንት ሜትር ትንሽ ይተርፍ ነበርና አልደነገጥኩም። ለእሱ ነው ያዘንኩት።

ከዚያ ብርድ መታኝና ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋልኩ። አበልጄ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሊጠይቀኝ መጣ፣ ቤቱን እንዳያበላሽ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አበልጅ፣ ስለ ቦታው አታስቢ። ቦይሽን እኔ እከፍታለሁ። አንቺ ብቻ ተኚ» አለኝ።

ተኛሁ። እንደዚያ የተመቸ እንቅልፍ ከዚያ በኋላ ተኝቼ አላውቅም።

ተሽሎኝ ስወርድ ቦዩ ተከፍቷል፣ የተረፈው ጎመን ታርሟል። ድምፄን ከፍ አድርጌ መረቅሁት። ቦታዬ የጠበበ መስሎ ሲታየኝ ዓይኔን ነው በሽታው የጎዳው ብዬ አለፍኩ። የቀረ አረም ልነቅል ጎንበስ ስል ነው ድንቹን ያየሁት።

ሐምሌ ላይ ሬቱን ተጠግቶ በአንድ መስመር የነበረውን ቀይ ድንቼን ቆፍሬ አውጥቼ ነበር። ዘሩን ከሐረር ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚያ ሰፈር ሌላ ማንም አልነበረውም። ድንች ቢለቀም ቢለቀም አይጨረስም፣ መሬት ውስጥ የቀረው ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ይኸው በቅሎ ነበር፣ በዘራሁት መስመር ልክ። ነገር ግን የበቀለው ከሬቱ ወዲያ፣ በአበልጄ በኩል ነው። አበልጄ ደግሞ ድንች የሆስፒታል ምግብ ነው እያለ ይቀልድብኝ ነበር እንጂ አንድም ቀን ዘርቶ አያውቅም።

አንዱን ሬት ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ዓመታት የቆመ ሬት እንደ ሽንኩርት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በደረቅ ጊዜ ቢሆን አዲስ የተቆፈረ አፈር ያሳብቅ ነበር፣ የተነቀለው ሬትም ውኃ አጥቶ ይቀላ ነበር። ዝናቡ ሁሉንም አለስልሶ ደፍኖለታል።

«ኤዶ፣ ይህን ሬት ማን ነው የነካው?» አልኳት።

«ያንተ ሰውዬ ነዋ!» አለች። አማርኛ ስትናገር ሁላችንንም አንተ ነበር የምትለው። «ዝናብ ውስጥ ሲነቅል፣ ሲተክል አየሁ። ዘመድ ናቸው፣ ተነጋግረው ነው አልኩ። አልተነጋገራችሁም?»

ተነጋግረናል አልኳት። አፍሬ ነው፣ ለእሱ እኔ አፈርኩ።

ልኬታው እስኪደርስ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሱቁ ሄድኩ። ልብስ እያጣጠፈ ስለ ልጄ ትምህርት ጠየቀኝ። ነገሩን ራሱ ያወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ የሻይ ብርጭቆዬ ባዶ እስኪሆን ጠበቅሁ። አላወጣውም።

ለኪዎቹ በካፊያ መጡ። ሰው ሁሉ በየቦታው ጫፍ ቆሟል። ሜትር የያዘው ሰውዬ «የሁለታችሁ ድንበር የቱ ነው?» አለ። አበልጄን አየሁት። እሱ የሚያየው የእኔን ቦት ጫማ ነበር።

«ሬቱ ነው» አለ። «እኔና እሷ አበልጅ ነን። በመካከላችን ክርክር የለም።»

በሌላ ነገር ቢዋሽ እጮህበት ነበር። አበልጅ የሚለውን ቃል ሲጠራ ግን አፌን ያዘኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የልጄ ክርስትና አባት ሌባ ነው ልበል? ለኪው የድንቼን ቅጠል እየረገጠ ሜትሩን ዘረጋ። የእሱ ስምንት ሜትር ሞላ፣ የእኔ ጎደለና ከእሱ ጋር ይቀላቀል ተባለ። ዶማዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር እያልኩ ለዓመታት አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው፣ አልሰጠውም ነበር። ተጨቃጭቀን፣ ተሰዳድበን፣ ምናልባት በሽማግሌ እንታረቅ ነበር። እሱ ግን መጣላቱን እንኳ ነፈገኝ። እንደ ሞኝ አስተኝቶኝ ነው የወሰደው። 

ለገና እንደ ልማዱ ለልጄ ስጦታ ላከ። ሌላ ጊዜ ሸሚዝና ሱሪ ነበር። ያን ዓመት በጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ ነው የመጣው፣ ስገልጠው ጭቃው ያልለቀቀው ቀይ ድንች። ልጄ ጨፈረ። አጥቤ ቀቀልኩለትና ከእነ ልጣጩ በላ።

«እማዬ፣ ክርስትና አባቴ ጎበዝ ነው አይደል? አንቺ ለምን እንዲህ ያለ ድንች አትዘሪም?» አለኝ።

ጨው አቀበልኩት።