ለአባዬ የሚሆን ወንዝ ዳር

ከባሕር ዳር በምወጣበት ዋዜማ፣ ማታ፣ አባዬ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አስሮ ሦስት ጊዜ ፈታው። መጀመሪያ በርበሬው ይፈስሳል አለ፤ ቀጥሎ ሽሮው ልብስሽን ያበላሸዋል አለ፤ በሦስተኛው ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ዝም ብሎ ፈታው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም፣ እኔ ደግሞ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ተቀጥሬ መሄዴ ነው። ቤት እንደያዝኩ መጥቼ እወስድሃለሁ አልኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በየማለዳው የዓባይን ዳር ይዞ ሄዶ የሚመለስ ሰው ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን ያችን መንገድ አያስታጉልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እዚያ ወንዝ አለ?»

«አለ ይባላል» አልኩት።

«ካለ እመጣለሁ። ከሌለ ግን አታስቸግሪኝ።»

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ሆናችሁ በየስልኩ «ሽማግሌውን ምነው ረሳሽው?» እያላችሁ ለምትወቅሱኝ ነው። እንደኔ ከሩቅ መጥታችሁ እዚህ ስፌት መኪና ላይ የተደፋችሁትም አንብቡት፤ ቢያንስ እናንተ ይገባችኋል። አልረሳሁትም። ወንዝ ስፈልግለት ነው የከረምኩት።

ድሬዳዋ በሁለተኛው ቀን ደረስኩ። ሹራቤን ደንገጎ ተራራ ላይ አወለቅኩ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ከተማው ስንገባ ቆዳዬንም ማውለቅ አማረኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሠራተኛ ማደሪያ ውስጥ ለስድስት አንድ ክፍል ይዘን ኖርን። ከዚያ አባዬን ላመጣ ስል ቤት ፍለጋ ወጣሁ፤ ደላላውም አዴ ሙሚና ግቢ አደረሰኝ፤ እዚህ እናትን አዴ ይላሉ። አዴ ሙሚና ባሏ ባቡር ላይ ሠርቶ ያረፈ፣ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ክፍሉን አሳየችኝ፣ መጸዳጃውን አሳየችኝ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብላ «ልጄ፣ ይሄ ቤት ግን ወንዝ ዳር ነው» አለችኝ።

ወጥ ቤቱን እንኳ ሳላይ ተከራየሁ። ያኑ ዕለት ደውዬ፣ አባዬ፣ ወንዝ ዳር ነው ያገኘሁት፣ ከበሩ ወጥተህ ነው የምትሄደው አልኩት። ደስ ሲለው ይስላል፤ ብዙ ሳለ።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ወንዙን ለማየት ወጣሁ። ያየሁት አሸዋ ነው። ስፋቱ የኳስ ሜዳ የሚያህል አሸዋ፣ በላዩ ፍየል፣ በላዩ ሰልባጅ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው፣ መሃል ለመሃል ደግሞ አንድ ባጃጅ ሲዞር። ተመልሼ አዴ ሙሚናን ወንዙ የት ነው አልኳት። በእጇ አሸዋውን አሳየችኝ። ውሃውስ ብላት፣ አልመጣም አለችኝ። መቼ ነው የሚመጣው ስላት፣ አላህ ነው የሚያውቀው አለች። እኔ እንደ ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣ መሰለኝ። ሙሉ ሳምንት ፈረቃውን ጠበቅኩ።

ግራ የገባኝ በወንዙ ብቻ አይደለም። ቀትር ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፤ እኛ ጋ በዚያ ሰዓት የሚተኛ በሽተኛ ነው። ዓሣ ሲያምረኝ የግመል ወተት ይሰጡኛል። አንድ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ፣ በሶማልኛ ቀጥሎ፣ ስድቡን በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ስድብ ነው ብዬ ስቆጣ ደግሞ ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከሁሉ የከበደኝ አንቱታው ነው። እዚህ አንቱ የሚባል ሰው ፈልጌ አጣሁ። የሰፈሩ ባለባጃጅ አዴ ሙሚናን «አንቺ፣ ትሄጃለሽ?» ይላታል፣ እሷም ስቃ ትወጣለች። አባዬን «አንተ ሽማግሌ» ያሉት ዕለት በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል እያልኩ ተጨነቅሁ።

መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። መሸኛዬን ያነበበው ሰውዬ አባቴንም ላስመዘግብ እንደማስብ ስነግረው መጻፍ ጀመረ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው።» አንቱታውን ሆን ብዬ ጫን አልኩት።

«ሥራው?»

«ይሄዳሉ።»

«የት?»

«ወንዝ ዳር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሥራ ፈት ብሎ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ጡረተኛ በላቸው አልኩት። ከመጣሁ አይቀር ብዬ፣ እዚህ አካባቢ በታክሲ ተሂዶ፣ ዳር ዳሩን በእግር የሚኬድበት፣ ውሃ ያለበት ወንዝ ይኖር እንደሆነም ጠየቅሁት። «ወንዝ ሞልቶልሻል፤ ውሃ ከፈለግሽ እሱ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው» አለና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። ቀልድ ይሁን መመሪያ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ እሑዶቼ ሁሉ ወንዝ ፍለጋ ሆኑ። አጠገቤ የምትሰፋው ሂቦ፣ «ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው ስላለችኝ ማልጄ በሚኒባስ ቢዮ አዋሌ ሄድኩ። ጉልበቴ ላይ የሰው ጆንያ፣ ከኋላዬ ፍየል። ስወርድ አህያዋ ላይ ጄሪካን የጫነች ሴት አገኘሁና ወንዙን ጠየቅኋት። አማርኛ ስለማትችል አብሮኝ የወረደ ሰውዬ አስተረጎመልኝ። ወንዙ ጋ ምን ልታደርጊ ነው አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ወዴት ሲለኝ፣ ወደ የትም፣ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ለአባቴ ነው አልኩ። ሰውዬው ተረጎመላት፣ እሷም ከእግሬ እስከ ራሴ አይታኝ አንድ ነገር አለች። ምን አለች ስለው፣ «የታመመው አባቷ ነው ወይስ እሷ ናት ትላለች» አለኝ።

ወንዙን ግን አሳዩኝ። ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ሴቶቹ አሸዋውን ጉልበት ድረስ ቆፍረው ጉድጓዱ ውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውን በጣሳ ይቀዳሉ። የመጣሁበትን ላለማባከን አንድ ሰዓት ያህል ዳሩን ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ግራርና ቁልቋል፣ ርግብ፣ ከኮረብታው የሚመጣ ሞቅ ያለ ነፋስ፣ ሰውም አልነበረም። ግን ውሃ የለም፣ እኔም ለአባዬ የነገርኩት ውሃ አለ ብዬ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ዋሂል ሄድኩ። ዋሂልም አሸዋ ነው።

አባዬ በደወለ ቁጥር ከእኔ ጤና በፊት የወንዙን ይጠይቃል። ደህና ነው እላለሁ። ሞልቷል ወይ ይላል፤ ገና ነው እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ክረምት ገባ።

ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ውባለም ደወለች። አባዬ ዓባይ ዳር ጭቃው አንሸራትቶት ወድቆ፣ ዓሣ አጥማጆች እስኪያነሱት እዚያው ተኝቷል። ስብራት የለውም፣ ግን ዓይኑ እየደከመ ነው፤ የሚረግጠውን አያይም፣ መንገዱንም አልተውም ብሏል። ለእሷ አትንገሯት ብሎ አስምሏቸዋል። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እዚህ ቢሆን እጁን ይዤው እሄድ ነበር። ወዴት ነው ታዲያ ይዤው የምሄደው? እውነቱን ነግሬው ቢቀርስ?

በነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ከአዴ ሙሚና ጋር ፓፓያ እየመረጥን ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። አዴ ሙሚና ቀና ብላ ወደ ሐረር በኩል ያለውን ተራራ አየች፤ ጫፉ ጠቁሯል። ከዚያ የእጄን አንጓ ያዘችና «ውጪ ከዚህ» አለችኝ። ነጋዴዎቹም ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ነበር። እዚህ ጠብታ የለም እኮ፣ ፓፓያዬን ልቀበል እያልኩ ስከራከር እየጎተተች ዳር አወጣችኝ። መናገር የጀመረችው ዳሩን ከረገጥን በኋላ ነው።

«ይሄ ወንዝ ጎረቤቴን ከነቤቷ ወስዶብኛል፣ ወላሂ። ያኔ ወንዝ ዳር ነው ያልኩሽ ደስ እንዲልሽ አልነበረም። ፈርተሽ እንድትኖሪ ነው።»

እኔ ያንን አምስት ወር ሙሉ እንደ ምርቃት ይዤው ነበር። ያኔ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የጭነት መኪና ይመስላል፣ ቀጥሎ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቡናማው ውሃ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ቆመን በነበርንበት ቦታ አለፈ። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ በሁለቱም በኩል ተሰለፈ። ሲፈሩም ያያሉ፣ ሲያዩም ያወራሉ። አስቤ ሳልጨርስ አባዬ ጋ ደወልኩ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለ።

«ወንዙ ነው፣ አባዬ።»

አዳመጠ። «ይሄ ጎርፍ ነው። የቆምሽበት ከፍታ ነው?»

«ከፍታ ነው።»

«ትናንት ምን ነበረበት?»

«አሸዋ።»

«ነገስ?»

«አሸዋ» አልኩና የቀረውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ቢዮ አዋሌን፣ ዋሂልን፣ ፈረቃ ስጠብቅ መክረሜን፣ መውደቁን መስማቴንም ጭምር። ይቆጣል ብዬ ነበር። ከሌለ አታስቸግሪኝ ያለኝ ሰው ነው።

«አሸዋ ሲሆን ሰዉ በየት ነው የሚሄደው?»

«በመሃሉ።»

«በወንዙ መሃል?»

«አዎ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ዳር ዳሩን ነው የሄድኩት» አለ፤ «መሃሉን ረግጬው አላውቅም።»

እሺ ማለቱ ይሁን እምቢ ማለቱ አልገባኝም፣ ልጠይቀውም ፈራሁ። ሳል ሲል ሰማሁት።

«አሸዋው ላይ በሰንደል ይኬዳል ወይስ ጫማ ልያዝ?»

ከመጣሁበት ከታኅሣሥ ጀምሮ ስለምነው የነበረው ይህንን፣ እመጣለሁ እንዲለኝ ነው። አዴ ሙሚና እጄን እንደያዘች ውሃውን ታያለች፤ ውሃው የአንዱን ነጋዴ መደብ ከነላስቲኩ እያዞረ ይወስዳል። ሰንደል ይበቃል ልበለው? ባለህበት ቆይልኝ ልበለው? አባዬ መልሴን ይጠብቃል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።