ግንባርና ወለል ሲፈላለጉ

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል የለም። ማን ይጨርሰዋል! እዚያ ሁሉም ያስነጥሳል፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም ይሮጣል። ከጀማለዲን ሀምዳን በስተቀር። ጀማለዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀምጧል።

አቀማመጡም የዋዛ አይደለም። በሱቁ ደጃፍ፣ በማረቆና በአላባ በርበሬ ጆንያዎች መሀል ጉብ ይላል። ከሩቅ ያየው ደንበኛ የቱ ጆንያ፣ የቱ ባለሱቅ እንደሆነ ለመለየት ጠጋ ማለት አለበት። ዋጋ የሚጠራው ጀማለዲን ነው። ጠዋት ቡላ በቅቤ፣ ቀትር ላይ ክትፎ፣ በመሀል ደግሞ አፍ ማሟሻ የምትባል ነገር አለች፤ እሷም ክትፎ ናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሆዱ አገር ያዘ። መጀመሪያ ቀበቶውን አሸነፈ፤ ቀጥሎ የሸሚዙን ቁልፎች በታተነ፤ በመጨረሻ ጉልበቶቹን ማረከ።

ጉልበቶቹ እጅ የሰጡት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጀማለዲን መስጊድ ሲገባ እንደ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ መስገዱን ትቶ ከዳር ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ሆኖ አንገቱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል። ወንበሮቹ የተዘጋጁት ለሰማንያ ዓመት አዛውንቶች ነው። ጀማለዲን ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እስካሁን ሁለት ወንበር ሰንጥቋል።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም፤ ጥፋቱ የመጣው በስልክ ነው። ኅዳር ላይ አባቱ አባ ሀምዳን ከስልጤ ደወሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም እንሰታቸውን ራሳቸው ይኮተኩታሉ።

«ዘንድሮ ረመዳንን አንተ ዘንድ ነው የምጾመው» አሉ። «ጁምዓ ጁምዓ አብረን፣ ትከሻ ለትከሻ እንሰግዳለን።»

ጀማለዲን «ኢንሻ አላህ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ላብ አጠመቀው። አባት ወለል ላይ ግንባራቸውን ደፍተው፣ ልጅ ከላይ ወንበር ላይ ተሰይሞ! አባቱን በሰላት መሀል ቁልቁል የሚያይ ልጅ!

«ታዲያ ንገራቸዋ» አለችው ሚስቱ ማሂራ። «ጉልበቴን አሞኛል በላቸው።»

«ምን ሆነህ አመመህ ቢሉኝስ?»

«ክትፎ በላቸዋ! ውሸት ነው?»

ያን ዕለት ማታ ምንጣፍ ላይ ሞከረ። ማሂራ ጎንበስ ብላ ከግንባሩ እስከ ወለሉ ያለውን ክፍተት በእጇ ለካች። ሦስት ስንዝር። ረመዳን ሊገባ ሦስት ወር፣ ከወለሉ ሦስት ስንዝር። ጀማለዲን ነጋዴ ነውና ሂሳቡ ወዲያው ገባው፤ በወር አንድ ስንዝር።

መላውን ያመጣችው ራሷ ማሂራ ናት። ከሲኒማ ራስ ጀርባ እትዬ ሰብለ ወንጌል የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። ሆስፒታል ሳሉ አብረዋቸው ከሠሩ ቻይናውያን ሐኪሞች ታይቺ የሚባለውን የዝግታ እንቅስቃሴ ተምረዋል። አሁን በየጠዋቱ በቀበሌው ግቢ ስኳር ያለባቸውን እናቶችና ጡረተኞችን ያሠራሉ።

«ስንት ኪሎ ያስቀንሳል?» አላቸው ጀማለዲን ሊያነጋግራቸው ሄዶ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ።

«ብዙም አያስቀንስም» አሉት።

ደነገጠ። በሠላሳ ዓመት የንግድ ሕይወቱ የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ሻጭ ገጥሞት አያውቅም።

«እንዴት ነው እሱ እትዬ?»

«ሰውነትህን ምድጃ ነው በለው። ሠላሳ ዓመት ተቀምጠህ ፍሙ አመድ ለብሷል። የምትበላውን ማቃጠል ትቶ ማከማቸት ለምዷል። ታይቺ አመዱን እፍ ይልልሃል፤ ቤንዚን ግን አይደለም። ወገብህ ይፍታታል፣ ጉልበትህ ይጠነክራል፣ የሆድህም ስብ ትንሽ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ቅቤውን ካልቀነስክ ግን እኔም ቻይናም አናድንህም።»

ጀማለዲን አሰበ። መርካቶ ውስጥ ሻጭ ዕቃውን ካጣጣለ፣ ጥሩው ከኋላ መጋዘን አለ ማለት ነው። እዚያው ተመዘገበ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ቆመ። እትዬ ሰብለ እጃቸውን እንደ ላባ አነሱ። ጀማለዲን ከመኪና ላይ ጆንያ እንደሚያወርድ ሰው እጁን ወረወረ።

«ቀስ» አሉት።

ቀስ አለ።

«ከዚያም ቀስ።»

«እትዬ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ቆምኩ ማለት ነው!»

«ታዲያ መቆምስ መቼ ለመድክ? እሱም አንድ ነገር ነው።»

በአሥረኛው ደቂቃ ጭኑ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳይሮጥ፣ ሳይዘል፣ አየር እየገፋ ብቻ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ከጎኑ ያሉት እማማ ቃሊ፣ ሰባ አራት ዓመታቸው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያዛንፉ እጃቸውን እያንሳፈፉ በሐዘኔታ አዩት።

«አይዞህ ልጄ፣ ትንሽ አረፍ በል። እኔም ስጀምር እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አሉት። «እኔ ግን የጀመርኩት በሰባ ዓመቴ ነው።»

የበረንዳው ሰው ጉዱን የሰማው በሳምንቱ ነው። ቦጋለ የሚባል ጎረቤት አለው፤ ቢያጎርሱት ቢያጎርሱት የማይወፍር፣ ምላሱ ብቻ የፋፋ ባለሱቅ። ሃያ ዓመት ሲሰዳደቡ ኖረዋል፤ በፍቅር። ገበያ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ጀማለዲን በጆንያዎቹ መሀል እጁን ሲያንሳፍፍ ያዘው።

«አንተ ጀማል! ምን ጠፍቶህ ነው አየሩን የምትዳብሰው?»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርትማ ሩጫ አለው፣ ዝላይ አለው። ይሄ መብራት የጠፋበት ሰው ግድግዳ ላይ ማብሪያውን ሲፈልግ ነው!»

በቃ። ማምሻውን ነገሩ ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ጆንያ አራግፎ የሚመለሰው ተሸካሚ ሁሉ ጀማለዲን ደጅ ሲደርስ ዝግ ይልና ክንዱን እያንሳፈፈ ያልፋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በርበሬ በረንዳ ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድ የታየው ያን ሰሞን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰኞ ሰኞ ነበር። ጀማለዲን ራሱን የሚመዝነው ጆንያ በሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ነው፤ ሌላ የሚችለው ሚዛን ስለሌለ። ሚዛኑ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ነው፤ ተመልካች አይጠፋም። በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ኩንታል ከአሥራ ስምንት ኪሎ መታ።

«የጆንያው ይቀነስ!» አለ ጀማለዲን፤ ልማድ ነውና። በርበሬ ሲመዘን የባዶው ጆንያ ክብደት ይነሳል።

«የቱ ጆንያ?» አለ ቦጋለ።

«ልብሴ። ጫማዬ። ስልኬ። የሱቁ ቁልፍ። ደግሞ አሁን ነው የበላሁት፣ እሱም ገና የእኔ አይደለም።»

«እንግዲህ የአንተ ያልሆነውን ሁሉ ከቀነስን የሚቀረው ምላስህ ነው!»

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ማሂራ በስንዝሯ ለካች፤ ሁለት። በሂሳቡ መሠረት እየሄደ ነበር። ከዚያ የገና ግርግር መጣ። አገሩ ሁሉ ለዶሮ ወጥ በርበሬ ሊሸምት ጎረፈና ጀማለዲን ሃያ አንድ ቀን ግቢው ድርሽ አላለም። በዓሉ ባለፈ ማግስት ማሂራ ለካች። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። ወለሉ መራቅ ጀመረ!

እዚህ ላይ ነው የጀማለዲን ነጋዴነት የተነሣው።

«ሃያ አንድ ቀን ቀርቶብኛል» አላት። «በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ዛሬ ገበያ የለም፤ መጋዘን ገብቼ ሁሉንም በጅምላ እጨርሰዋለሁ።»

«ጀማል፣ ሰውነት እኮ ነው!»

«ምንስ ቢሆን? በጅምላ የማይረክስ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ገባ። የመጀመሪያውን ዙር በደንቡ ሠራ። ሁለተኛውን ፈጠን አደረገው። በጅምላ ቅናሽ አለና ከሦስተኛው ላይ ግማሹን ዘለለ። በአምስተኛው ዙር ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን እያሽከረከረ ጎንበስ ሲል፣ ከወገቡ ላይ የደረቀ ዛላ የተረገጠ ያህል «ቀጭ» አለ። በዚያው ቀረ። አንድ እጅ ወደፊት፣ አንድ እጅ ወደ ኋላ፣ ዓይን ወደ መሬት።

ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው ማሙሸት ነው፤ የበረንዳው ጎበዝ ተሸካሚ። ዞሮ አየው፣ እንደ ባለሙያ ለካው።

«ጋሼ፣ እንደ ጆንያ ልሸከምዎት ወይስ እንደ ፍሪጅ?»

«ል... ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ፍሪጅ ሲወርድ ቀስ ተብሎ ነው።»

«እንደ ፍሪጅ!»

በዓል ያለፈበት በረንዳ ሥራ ፈት ነው፤ ሁሉም ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማሙሸት ጀማለዲንን አዝሎ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲያልፍ በግራም በቀኝም ሰው ተነሥቶ ቆመ፤ ግማሹ አዝኖ፣ ግማሹ በደንብ ለማየት።

«ማሙሸት!» ጮኸ ቦጋለ። «እሱን ጭነት የት ነው የምታራግፈው? ደረሰኝ አለው?»

ይሁን እንጂ ታክሲውን ጠርቶ በሩን ከፍቶ የያዘውም፣ ጀማለዲን ሲገባ ጭንቅላቱ እንዳይመታ እጁን ጣሪያው ላይ ያደረገውም ራሱ ቦጋለ ነበር።

ዐሥር ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሰብለ ሊጠይቁት መጡ፤ ወገቡን ዳሰሱና ፊታቸውን አኮማተሩ።

«አመድ የለበሰ ፍም ላይ ጆንያ ከሰል ገልብጠህ እፍ ትላለህ? ይታፈናል እንጂ አይነድም!»

«በጅምላ ይሻላል ብዬ ነው እትዬ።»

«ስማኝ ጀማለዲን። ሰውነት የሚሸጠው በችርቻሮ ብቻ ነው። በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ፤ ከደንበኛ እኩል ተሰልፈህ።»

ጅምላ ነጋዴን ቸርቻሪ ሁን ከማለት የበለጠ ስድብ የለም። ጀማለዲን ዋጠው። ከአልጋው ሲነሣ በማለዳ ከእማማ ቃሊ ጎን ተሰልፎ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እየቸረቸረ ሠራ። ክትፎ ለጁምዓ ብቻ ተፈቀደለት። ማሂራ ጎመን ስታቀርብለት መርዶ እንደተረዳ ሰው ይተክዛል። ጥር ሲያልቅ አንድ ስንዝር ቀረ። ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አራት ጣት። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ ብሏል፤ ወገቡም ለመዞር እንደ ድሮው ሙሉ ሰውነቱን ማስከተል አቁሟል።

በመጨረሻው ሰኞ ሚዛን ላይ ወጣ። ቦጋለ ጎንበስ ብሎ አነበበ። አንድ ኩንታል ከአሥራ ስድስት።

«ሁለት ኪሎ!» ቦጋለ ጭኑን በእጁ መታ። «ሦስት ወር ሙሉ ተወዛውዘህ ሁለት ኪሎ? አንድ ጆንያ በርበሬ እኮ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ በመድረቅ ብቻ ከዚያ በላይ ይቀንሳል!»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ጀማለዲንም ሳቀ፤ ጥርሱ ብቻ። ስለ ኪሎው ግድ አልነበረውም። አራቱ ጣት ነው አንጀቱን የበላው።

አባ ሀምዳን ማክሰኞ ገቡ። ቀጥ ያሉ፣ ደረቅ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን የሚይዙት ሰው ለመጠቆም እንጂ ለመደገፍ አይደለም። ጁምዓ ደረሰ። አባትና ልጅ መስጊድ ገብተው ጎን ለጎን ቆሙ። ጀማለዲን ወለሉን በዓይኑ እየለካ ሳለ፣ አንድ ደግ ሰጋጅ ከወንበሮቹ መሀል አንዱን ይዞ በሰው መሀል እየተሽሎከለከለ መጣ።

«ጋሼ ጀማለዲን! ወንበርዎት ይኸው፣ አስቀምጬልዎት ነበር።»

አባ ሀምዳን ወንበሩን አዩ። ልጃቸውን አዩ።

«የማን ነው?»

«የ... የአንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ነው አባ» አለ ጀማለዲን። ዞር ብሎም «ለሚያስፈልገው ስጥልኝ ወንድሜ» አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ወንበሩን ታቅፎ ተመለሰ።

እንግዲህ መመለሻ የለም። ሰላቱ ተጀመረ። ጎንበስ ማለቱን በደህና ተወጣው። ከዚያ ሱጁድ፣ ግንባርን ወለል ማስነካቱ፣ መጣ። መስጊዱ ሙሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ወደ ወለሉ ወረደ፤ ጀማለዲንም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያሳለፈ፣ ትንፋሹን እየለቀቀ ጉልበቱን መሬት አስነካ። እጆቹ ደረሱ። ሆዱ መሀል ላይ ተጨንቆ ግራና ቀኝ መጠለያ ፈለገ። አራት ጣት። ሦስት። ቸኩሎ ግንባሩን ሊወረውር ቃጣውና ራሱን ያዘ፤ አሁን በጅምላ ከሞከረ ማሙሸት ሊጠራ ነው። ተነፈሰ። ሁለት ጣት። አንድ።

ምንጣፉ ግንባሩን ነካው።

ሁለት ዓመት ያላሸተተው የምንጣፍ አቧራ አፍንጫው ገባ። በርበሬ ያላስነጠሰው ሰው ሊያስነጥስ ደረሰ፤ ያም ሆነ ይህ ዓይኑ አነባ። መነሣቱ ሌላ ሥራ ነበር። አንድ እግር፣ ትንፋሽ፣ ሌላው እግር፣ ትንፋሽ። ቀና ሲል ኢማሙ የሚቀጥለውን ረከዓ፣ የሰላቱን ሁለተኛ ዙር፣ እያጋመሱ ነበር። ግን ቆመ፤ በራሱ እግር፣ ከአባቱ ትከሻ እኩል።

ሲወጡ አባ ሀምዳን ጫማቸውን አጥልቀው በከዘራቸው ጠቆሙት። የስልጤ ሽማግሌ ከዘራ ካነሣ ነገር አለ።

«ጀማል።»

«አቤት አባ።»

«ኢማሙ ቀና ሲሉ አንተ እዚያ ታች ምን ታደርጋለህ? ከኋላችን ያለው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ነው እንዴ ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ሰው ኢማሙን ይከተላል እንጂ እንደ ፈለገው ይዘገያል?»

«ትንሽ ቀስ ብዬ ነው አባ።»

«ሠላሳ ዓመት መርካቶ ኖረህ የተማርከው ቀስ ማለት ነው?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩት። «ደግሞ ወፍረሃል።»

ጀማለዲንን በዕድሜው እንዲህ አድርጎ ያስደሰተው ቁጣ የለም። ፊቱ ላይ የሚፈስሰውን ፈገግታ የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ጥፋቴ ነው አባ። ለዐስር ሰላት እፈጥናለሁ» አለ።

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው ዐስር ሊደርስ ሦስት ሰዓት እንኳ አልቀረውም፤ ጭኖቹም ከአሁኑ ይንቀጠቀጡ ነበር።