ፎቶው ላይ የጠፋው ንቅሳቴ

«እታለም፣ አንቺም አስጠፋሽው?» አለችኝ ታናሽ እህቴ ከደሴ ደውላ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም።

«ምኑን?»

«አንገትሽን እያየሁት እኮ ነው! ሌላውን ስታወግዢ ኖረሽ!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

የልጅ ልጄ የተመረቀች ዕለት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ባለ አዳራሽ ደግሰን ነበር። ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ የሚዞርበት፣ ጨለም ያለ አዳራሽ ነው። ልጅቷ አዲሱን ስልኳን አውጥታ «እማማ፣ ሆልድ ስቲል፣ እንዳትነቃነቂ» አለችኝ። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ፎቶው ሲወጣ ጨለማው የለም፤ ቀን የተነሳሁ ነው የሚመስለው። እኔም ደስ ብሎኝ፣ በደንብ ሳላየው፣ ለእህቴ ሴንድ አድርጊላት አልኳት።

እኔና እህቴ የተነቀስነው በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሴት እጅ ነው። አንገታችንን የሚዞር ሦስት መስመር፣ ከሥሩ እንደ ጥልፍ የወረደ። መርፌው ሲያርፍብኝ እኔ ትልቋ ጮህኩ፤ እሷ ትንሿ ግን እጄን ይዛ ዝም አለች። እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ስንቷ ያገራችን ሴት በሌዘር አስጠፋችው። አንዷ ሥራ ቦታ ያፈጡብኛል ትላለች፣ ሌላዋ ያልታጠብኩ ይመስላቸዋል ትላለች። እኔ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተከራክሬያለሁ። ፈረንጆቹ ክንዳቸውን ሙሉ ተነቅሰው ሲሄዱ ማንም አጥፉ አላላቸው፣ የኛ ብቻ ምን በደለ? እህቴ ይህን ታውቃለች። የተቆጣችውም ለዚህ ነው፤ እሷን የካድኳት መሰላት።

መስታወት ፊት ሮጥኩ። ንቅሳቴ ቦታው ላይ አለ። ፎቶውን አስከፍቼ አየሁ፤ የለም። አንገቴ እንደ ሕፃን አንገት ንጹሕ ነው።

«ኦ፣ ጀስት ናይት ሞድ ነው፣ የጨለማ ማንሻው» አለች የልጅ ልጄ። ብርሃን ሲያንስ ፎቶ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል አለችኝ፤ ስልኩ ያንን አሸዋ ሲያጠራ ቆዳውንም አብሮ ያለሰልሰዋል። ንቅሳቴን ከአሸዋው ጋር ጠርጎት ሄዷል።

«ማን ፈቀደለት?»

«እማማ፣ ኢትስ አ ፎን!»

«ስልክስ ቢሆን!»

በማግስቱ ጠዋት፣ ደሴ ከሰዓት ሲሆን፣ ሳሎን ተቀምጬ በቪዲዮ ደወልኩላት። ነጠላዬን ከአንገቴ ገፍፌ ስልኩን አስጠጋሁት። «ይኸው!»

«ምኑ ነው ይኸው? ምንም የለም።»

ጥግ ላይ የምትታየውን የራሴን ትንሽ ምስል አየሁ። እውነትም የለም። መጋረጃው ተጋርዶ ስለነበር በቪዲዮም ጠርጎታል! በአንገቴ ላይ እያለ፣ እየዳሰስኩት፣ የለም።

በነጠላ ጫማ ፓርኪንጉ መሃል ወጣሁ። በረዶው ላይ ፀሐይ ታበራለች። መኪናውን የሚጠርግ ጎረቤቴ «ዩ ኦኬይ፣ ማማ?» አለኝ። ኦኬይ ብዬው አንገቴን ወደ ፀሐይ አቀናሁ።

እህቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ «አለ» አለች። «ሦስቱም መስመር አለ። ይቅር በይኝ እታለም። በይ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

«አልገባም። የኔን አየሽ፣ ያንቺንስ ማን አየው? እኔ በረዶ ላይ ቆሜ አንቺ ጓዳ ተቀምጠሽ አይሆንም። ደጅ ውጪ።»

«በስተርጅና ፍተሻ!» ብላ ሳቀች። ተነሳች። ስልኩ ተነቃነቀ፤ በሩ ታየ፣ ሰማዩ ታየ፣ ከዚያ እሷ።

ንቅሳቷን ፈለግሁት። አንገቷ ከስቶ፣ ቆዳዋ ተጨማዶ፣ መስመሮቹ እጥፋቱ ውስጥ ገብተዋል። ጉንጯ ጎድጉዷል። ሁልጊዜ የምታዋራኝ ከዚያች ጨለማ ጓዳዋ ሆና ነው፤ እኔም በየጊዜው «አንቺ እኮ አታረጂም» እያልኩ እቀናባት ነበር፤ ለካ ስልኩ ነው የሚያለሰልሳት።

«አየሽው?» አለችኝ አንገቷን አቅንታ።

«አየሁት። ታመሽ ነበር?»

ፀሐዩ በዛብኝ ብላ ወደ ቤት ልትገባ ዞረች።

«እንዳትገቢ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ መጥረጊያውን ይዞ ቀጥ አለ። «እዚያው ብርሃኑ ላይ ቆመሽ ንገሪኝ!»